ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም



በከተማችን በሲያትል የአንድ ሰው ልጅ የዶክትሬት ትምህርቱን ሲጨርስ ደስታው የቤተሰቡ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ድግስ ይደገሳል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ካባ ለብሶ የተነሳው ፎቶግራፍ ሳሎን ውስጥ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ዶክተሩ የምናውቀው ነገር ያልቃል። «ታዲያ ሥራ ያዘ?» ብለን እንጠይቃለን። «ገና ነው፤ ፖስትዶክ ለሚባል ነገር እያመለከተ ነው» ሲሉን «አሁንም ትምህርት?» ብለን ከንፈር እንመጣለን። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት በዚሁ ብዙም በማንነጋገርበት ጉዳይ ላይ ነው።

እንደኔ አስተያየት፣ ምሁራን ልጆቻችን በዚህ በር ላይ የሚቀሩት ዕውቀት አንሷቸው አይደለም። ብዙዎቹን የሚያስቀራቸው ከቤት ይዘናቸው የመጣናቸው ሁለት ልማዶች ናቸው፤ አንዱ ይሉኝታ ነው፣ ሁለተኛው ምስጢረኝነት። ሁለቱም በቦታቸው ክቡር ናቸው። ለፌሎሺፕ ማመልከቻ ግን ሁለቱም እንቅፋት ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩን ለማያውቀው ወገኔ ላስረዳ። ፖስትዶክ ማለት ዶክትሬቱን የያዘ ሰው የራሱን ላቦራቶሪ ወይም የመምህርነት ወንበር ከመያዙ በፊት ከአንድ የታወቀ ተመራማሪ ዘንድ ለጥቂት ዓመታት የሚሠራበት ጊዜ ነው። ነገሩ ለኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በጥንቱ የአገራችን ትምህርት በዋሸራ ቅኔ የተቀኘ ተማሪ ተመረቅሁ ብሎ አይቀመጥም ነበር። ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ወደ ዙራምባ ይሄድ ነበር። «አሁንም ትምህርት?» ያለው አልነበረም። ቅኔ የሚቀኝም የመምህሩን ቅኔ ደግሞ አይመረቅም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ማቅረብ አለበት። ፖስትዶክም ከዚህ አይርቅም።

ወደ ፖስትዶክ የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ፕሮፌሰሩ ራሱ ባገኘው የምርምር ገንዘብ ሲቀጥር ነው። ሁለተኛው ፌሎሺፕ ነው፤ አመልካቹ በራሱ ስም፣ በራሱ የምርምር ሐሳብ ተወዳድሮ ገንዘቡን ይዞ ይገባል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2025 የፌዴራሉ መንግሥት በርካታ የምርምር ድጎማዎችን ሲያቋርጥና ሲያዘገይ በፕሮፌሰር ገንዘብ የተቀጠረ ሰው ዕጣው ከፕሮፌሰሩ ዕጣ ጋር መታሰሩ ግልጽ ሆኗል። የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር ለተያያዘ ወገናችን ደግሞ ጉዳዩ የደመወዝ ብቻ አይደለም። በኤች 1 ቢ ቪዛ ያለ ሰው ሥራው ከተቋረጠ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። በራስ ስም የተገኘ ፌሎሺፕ ሁሉንም ችግር ባያስወግድም፣ ሰውየው የራሱን ጥያቄ ይዞ እንዲቆምና ከአንድ ሰው እጅ እንዳይጠብቅ ያደርገዋል።

ፉክክሩ ደግሞ የዋዛ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በማሪ ኩሪ ስም የሚሰጠውን የፖስትዶክ ፌሎሺፕ እንውሰድ። በ2024ቱ ውድድር 10,360 ማመልከቻ ገብቶ የተመረጠው 1,696 ብቻ ነው። በ2025 ደግሞ የአመልካቹ ቁጥር 17,058 ደረሰ። ይህን የምጠቅሰው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። እንዲህ ባለ ውድድር መልካም ሥራ መሥራት ብቻ እንደማይበቃ፣ ሥራን በወጉ ማቅረብም እንደሚያስፈልግ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ይሉኝታ ልመለስ። እኛ ራስን ማመስገን ነውር ነው እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ከልጅነታችን ጀምሮ «እኔ» የሚለውን ቃል እንሸሻለን። ሥራውን ብቻችንን ብንሠራውም «ሠራን» እንላለን፤ ይባስ ብሎም «ተሠራ» እንላለን። ሲያመሰግኑን «ኧረ ምንም አላደረግሁም» ብለን እናቀረቅራለን። ይህ ለጎረቤት፣ ለለቅሶና ለሰርግ የሚያምር ጠባይ ነው። ማመልከቻ የሚያነብ ኮሚቴ ግን አያውቀንም። «በላቦራቶሪያችን አዲስ የመመርመሪያ ዘዴ ተሠራ» ብሎ ለሚጽፍ ሰው ዳኛው የሚሰጠው ነጥብ የለውም፤ የሠራው ማን እንደሆነ አልተነገረውምና። «ዘዴውን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ናሙና መርምሬበታለሁ፤ ባልደረባዬ ደግሞ ስሌቱን ሠርቷል» ብሎ የሚጽፈው ግን ጉራ አልነዛም። ምስክርነቱን ሰጠ፤ የባልደረባውንም ድርሻ አልደበቀም። ጉራ ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ነው። የሠሩትን ሠራሁ ማለት እውነት ነው።

እውነት ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ የእንዶድ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በመሆኑ ነገሩ ትልቅ ግኝት ነበር። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት ግን በ1989 ነው፤ ከ25 ዓመት በኋላ። በመካከሉ ከነበረው ክርክር አንዱ ማስረጃው የውጭ ተቋማት በሚቀበሉት ደረጃና ቅርጽ ቀርቧል ወይ የሚል ነበር። እንዶዱ ያው እንዶድ ነው፤ የአድዋ እናቶችም ከማንም በፊት ያውቁታል። ዓለም እንዲቀበለው ግን በዓለም ቋንቋ ማቅረብና ሳይታክቱ መከራከር አስፈለገ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም የሚባለው ለዚህ ነው።

ይሉኝታ የሚጎዳን በሌላም መንገድ ነው። ፌሎሺፕ «የራስህ ጥያቄ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የኛ ልጅ ግን መምህሩን የደፈረ ስለሚመስለው የፕሮፌሰሩን ጥያቄ አሳምሮ ይጽፋል። በዚህ ረገድ የፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድን ሥራ ማስታወስ ይገባል። በ1998 ፓሪስ ላይ ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ በ1999 ሉሲ ከተገኘችበት ከሐዳር በአዋሽ ወንዝ ማዶ ባለው በዲኪካ የራሳቸውን ምርምር ጀመሩ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2000 «ሰላም» የተባለችውን የሕፃን ቅሪተ አካል ቡድናቸው አገኘ። አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በፖስትዶክነት የሠሩትም በዚያው ዘመን፣ ከ2000 እስከ 2003 ነበር። ድንጋዩን ከአጥንቱ ላይ በጥንቃቄ እየፈለፈሉ ዓመታት ፈጀባቸውና ግኝቱ የታተመው በ2006 ነው። ገና ወጣት ተመራማሪ ሳሉ «የምቆፍርበት ቦታ ይህ ነው» ባይሉ ኖሮ በሌላ ሰው ጉድጓድ ውስጥ በቀሩ ነበር።

የድጋፍ ደብዳቤም ነገር አለ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አበው። ልጆቻችን ፕሮፌሰሩን ማስቸገር ስለሚከብዳቸው ደብዳቤውን የሚጠይቁት ቀነ ገደቡ ሳምንት ሲቀረው ነው። በጥድፊያ የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ «ታታሪ ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ ጠባዩ መልካም ነው» ከማለት አያልፍም። እኛ አገር ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። እዚህ አገር ግን ኮሚቴው የሚያነብበው «ስለ ሥራው የሚባል ነገር የለም» ብሎ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ መጠየቅ፣ ከጥያቄው ጋር የምርምሩን ዕቅድና የሠሩትን ዝርዝር በአንድ ገጽ መስጠት፣ «ይህን ሥራዬን ቢጠቅሱልኝ» ብሎ በግልጽ መናገር ይገባል። ፕሮፌሰሩ ይህን እንደ ድፍረት አይቆጥረውም፤ እንዲያውም ሥራው ይቀልለታል። አስታዋሽ መላክም ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ልማዳችን ምስጢረኝነት ነው። «እስኪሳካ ድረስ ለማንም አትናገር» ተብለን ነው ያደግነው። ገሚሱ ዓይን እንዳይበላው ፈርቶ ይደብቃል፣ ገሚሱ ካልተሳካ ሰው እንዳይስቅበት። ውጤቱ አንድ ነው፤ ማመልከቻውን ከጸሐፊው በቀር ማንም ሳያነብበው ይላካል። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ግን አምስትና ስድስት ሰው አንብቦላቸው፣ ባለፈው ዓመት ካሸነፈ ጓደኛ ማመልከቻውን ተውሰው አጥንተው ነው የሚመጡት። እኛ በጨለማ እንጽፋለን፤ በጨለማም እንወድቃለን። ስንወድቅም ለማንም ስለማንናገር ከኋላችን የሚመጣው ልጅ በዚያው ድንጋይ ይደናቀፋል።

መውደቁስ ቢሆን ምን ያሳፍራል? ከላይ በጠቀስሁት የ2024 ውድድር ያልተመረጡት 8,664 ናቸው። ሁሉም ዶክተሮች ናቸው። የማሪ ኩሪ ዳኞች ለእያንዳንዱ ማመልከቻ አስተያየታቸውን በጽሑፍ ይልካሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ማለትም ኤን አይ ኤች፣ የዳኞችን አስተያየት ሰጥቶ ያንኑ ማመልከቻ አሻሽሎ አንድ ጊዜ ዳግም ማቅረብን ይፈቅዳል። ያ አስተያየት ወርቅ ነው። ተናዶ መሳቢያ ውስጥ የሚወረውረው ሰው ግን ብዙ ነው።

ጉዳዩ የሚመለከታችሁ ወጣቶች ደግሞ የሚከተሉትን ነገሮች ልብ በሉ፤ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ግን ሰው አስቀርተዋል።

አንደኛው የስም ነገር ነው። የኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። አንዱ ጽሑፍ ላይ በአባት ስም፣ ሌላው ላይ በአያት ስም፣ ፓስፖርት ላይ ደግሞ በሌላ አጻጻፍ የወጣ ሰው ሥራው የሦስት ሰው ሆኖ ይበተናል። «ፀሐይ» የሚለው ስም በፈረንጅ ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ እናውቃለን። አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ አትልቀቁ። ኦርኪድ የሚባል በ2012 የተጀመረ ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር አለ፤ በነጻ ነው የሚሰጠው። ዛሬውኑ አውጡና ሥራችሁን ሁሉ በሱ ሥር ሰብስቡ።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በዚህ ጽሑፍ የጠቀስኋቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ማስረጃ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። የማሪ ኩሪ ፌሎሺፕ ዶክትሬት ከተያዘ 8 ዓመት ያልሞላው ሰው ነው የሚያስገባው። በእኛ 2010 ዓ.ም. ዶክትሬቱን የያዘ ሰው በነሱ 2017 ወይም 2018 ነው የያዘው። ማስረጃው ላይ 2010 ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ግን አንባቢው ሰባትና ስምንት ዓመት ጨምሮበት ጊዜው አልፎበታል ሊል ይችላል። የተረጋገጠ ትርጉም አያይዙ፤ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ።

ሦስተኛው የተቋረጠ ጊዜ ነው። በወሊድ፣ በሕመም ወይም በስደት ከምርምር የራቃችሁበት ዘመን ካለ አትደብቁት። የማሪ ኩሪ ደንብ እንዲህ ያለውን ጊዜ ከ8ቱ ዓመት ላይ ይቀንሳል። ኤን አይ ኤችም ለወለዱ እናቶች የማመልከቻ ጊዜያቸውን በአንድ ዓመት የሚያራዝምበት ደንብ አውጥቷል። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ሥራው የተቋረጠበት ወገናችን ጥቂት አይደለም። በይሉኝታ ዝም ብሎ «ባዶ ዓመት» ተብሎ ከመቆጠር ምክንያቱን በሁለት መስመር መግለጽ ይሻላል።

አራተኛው የመኖሪያ ወረቀት ነው። «ለኛ አይፈቀድም» ብለው ሳያዩት የሚያልፉ ብዙ ናቸው። ኤፍ 32 የተባለው የኤን አይ ኤች ፌሎሺፕ ለዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ነው፤ በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ የያዘ ወገን ይችላል ማለት ነው። ኬ 99/አር 00 የሚባለው ደግሞ ዜግነትም ሆነ ግሪን ካርድ ሳይጠይቅ፣ የፖስትዶክ ልምዳቸው ከ4 ዓመት ላልበለጠ ተመራማሪዎች ሲሰጥ የቆየ ነው። እስከ 2 ዓመት በፖስትዶክነት፣ ከዚያም ራሱን ችሎ በመምህርነት ሲቀጠር እስከ 3 ዓመት ይደግፋል። የማሪ ኩሪ የአውሮፓ ፌሎሺፕም ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው፤ የሚከለክለው ካለፉት 36 ወራት ከ12 ወር በላይ በዚያው በሚያመለክትበት አገር የኖረን ወይም የሠራን ነው። ሲያትል ለሚኖር ሰው ይህ እንቅፋት አይሆንም። ደንብ በየጊዜው ስለሚለወጥ ግን የዓመቱን ማስታወቂያ አንብቡ እንጂ በወሬ አትመኑ፤ በእኔም ጽሑፍ ቢሆን።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? አማዞን ወይም ማይክሮሶፍት ገብቶ ገንዘቡን አይዝም ወይ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2024 ኤን አይ ኤች ለአንደኛ ዓመት ፖስትዶክ ያወጣው ክፍያ 61,008 ዶላር ነበር። በሲያትል የቤት ኪራይ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ ጠባብ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ፖስትዶኮች በሠራተኛ ማኅበር ተደራጅተው በሰኔ 2023 ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በክፍያ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ፖስትዶክ ለሁሉም ይሁን አልልም፤ በኢንዱስትሪ የሚሠራውንም አላሳንስም። እኔን የሚያሳስበኝ ምርምርን ከልቡ የሚፈልግ ልጅ አልችልም ብሎ ሳይሆን መጠየቅ አፍሮ ሲተወው ነው።

የምንኖረውም ተራ ከተማ ውስጥ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን በአሜሪካ ከፍተኛ የፌዴራል የምርምር ገንዘብ ከሚያገኙት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ፍሬድ ሃች የካንሰር ማዕከልና አለን ኢንስቲትዩት እዚሁ ከተማ ውስጥ ናቸው። የዶክተር ሊንዳ በክ የ2004 ኖቤልና የፕሮፌሰር ዴቪድ ቤከር የ2024 ኖቤል የመጡት እዚሁ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ከሬኒየር አቬኑ በባቡር ሄደን የምንደርስባቸው ቦታዎች ናቸው። ብዙዎቻችን በነዚህ ሕንጻዎች ደጃፍ ታክሲ እናቆማለን፣ ውስጣቸውን እናጸዳለን፣ በሆስፒታሎቻቸው በሽተኛ እንንከባከባለን። ክቡር ሥራ ነው፤ ብዙውን ልጅ ያስተማረውም ይኸው ነው። ልጆቻችን በላቦራቶሪው በር ሲገቡ ግን የወላጆቻቸው ላብ ሌላ ፍሬ ያፈራል።

ከፍኖተ ሰላም የተነሱትን የፕሮፌሰር ሰገነት ቀለሙን ጉዞ አስቡት። ከዓለማያ ወደ ሞንታና፣ ከሞንታና ወደ ካንሳስ፣ ከ1989 እስከ 1992 በፖስትዶክነት በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ በኮሎምቢያ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በመጨረሻም ወደ አፍሪካ ተመልሰው በ2013 ናይሮቢ ላይ የነፍሳት ምርምር ተቋም፣ የኢሲፔ፣ ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተቀበሉ። እኛ የምናወራው መነሻውንና ሽልማቱን ነው። በመካከል ያሉትን ሦስት የኮርኔል ዓመታት የሚያነሳ የለም። ያለነዚያ ዓመታት ግን የኋለኛው አይታሰብም።

ታዲያ ከኛ ምን ይጠበቃል? ትልቅ ነገር አይደለም። ፌሎሺፕ ያሸነፋችሁ ወገኖች፣ ማመልከቻችሁን ለሚከተለው ልጅ አውሱት፤ ያሸነፈውን ብቻ ሳይሆን የወደቀውንም። ወላጆችና ዘመዶች፣ «እስከ መቼ?» የሚለውን ጥያቄ ትታችሁ «ቀነ ገደቡ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በዚያ ወር ልጅ ያዙላቸው፣ ምግብ ላኩላቸው። ለአራስ እንዴት እንደምንሆን እናውቅበት የለም? የማኅበረሰባችን አዳራሾችም በዓመት አንድ ሁለት ምሽት አመልካቾች ምርምራቸውን በአማርኛ ለሽማግሌዎችና ለእናቶች የሚያስረዱበት ቢሆኑ መልካም ነው። ማመልከቻውን ከሚያነብቡት ዳኞች ብዙዎቹ የዚያ ሙያ ጠበብት አይደሉም። ቡና የምታፈላ እናት «ገባኝ ልጄ፤ ግን ይህ ለማን ይጠቅማል?» ብላ የጠየቀችው ጥያቄ ዳኛውም የሚጠይቀው ነው።

ዕቁባችንን በጋራ እንጥላለን፣ ዕድራችንን በጋራ እንከፍላለን፣ ሙታናችንን በጋራ ወደ አገር እንሸኛለን። የልጆቻችንን ማመልከቻ በጋራ ማንበብ እንዴት ያቅተናል? እናንተም ወጣቶች፣ የሠራችሁትን ሠራሁ በሉ፣ የምትፈልጉትን ጠይቁ፣ ያሰባችሁትን ለወገን ንገሩ። ከኛ መካከል የሚስቅባችሁ ካለ የሚያፍረው እሱ ነው።

ቸር ያሰማን።